ምሥራቅ ሕንድን ከመኪና መስኮት ላዩት ጸሐፊ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ የጉዞ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ከኮልካታ በመኪና ተነስተው የቢሃርንና የጃርካንድን ክፍለ ሀገሮች አቋርጠዋል፤ ከዚያም በኦዲሻ በኩል እስከ ባሕሩ ዳርቻ ወርደዋል። ብዕራቸው ጥሩ ነው። የመንገድ ዳሩን ሻይ፣ አቧራውን፣ የጭነት መኪናውን ጥሩምባ ሲገልጹት አንባቢው አብሯቸው የተሳፈረ ይመስለዋል። ያዩትን ማየታቸውን አልጠራጠርም። የምከራከረው ካዩት ተነስተው በደረሱበት ድምዳሜ ላይ ነው።

"አንተ እዚያ ተምረህ የለ፣ እውነታቸውን ነው?" ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ስላሉ ልመልስ። የተማርኩት በኦዲሻ ዋና ከተማ በቡባነስዋር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተምረዋል። ትምህርት ሲዘጋ የክፍል ጓደኞቼ ወደየቤተሰቦቻቸው አገር ቤት ይወስዱኝ ነበር። ጸሐፊው በመኪና ያለፏቸውን ዓይነት መንደሮች እኔ አድሬባቸዋለሁ፤ ሩዝ ሲታጨድ ማሳው ላይ ውያለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ የጽሑፉን ነጥቦች ሳላጣምም ላስቀምጥ። የምሥራቅ ሕንድ ገጠር ከሺህ ዓመት በፊት በነበረበት ቆሟል፤ ከውጭም ምንም አልገባበትም ይላሉ። መንገዱ ሕግ የለውም፣ ሹፌሩም ለነፍስ ደንታ የለውም ይላሉ። ሕዝቡ ድሃ የሆነው "የቀደመ ሕይወቴ ውጤት ነው" ብሎ ዕጣውን ተቀብሎ ስለተቀመጠ ነው ይላሉ። ሴቶቹ ድምፅ የላቸውም ይላሉ። በመጨረሻ ደግሞ እንዲያም ሆኖ ደስተኞች ናቸው፣ እኛ ያጣነውን ሰላም ይዘዋል ብለው ይዘጋሉ።

ለመጀመሪያው ነጥብ የሚያቀርቡት ማስረጃ የሚያርስ በሬና የጭቃ ቤት ነው። በሬው አለ። ማሳው ጠባብና ውሃ የተኛበት ሲሆን ዛሬም በበሬ የሚያርስ ብዙ ነው። በዚያው መንደር ግን ሩዙ የሚወቃው በሞተር ነው። ሻይ ሻጩም ሂሳቡን በስልክ ይቀበላል፤ በስልክ የሚነሳው ኮድ ከሻይ ማፍያው አጠገብ ተለጥፏል። ሁለቱም አንድ መንገድ ዳር ላይ አሉ። ጸሐፊው የመረጡት አንዱን ብቻ ነው።

የጭቃ ቤቱን ነገር እዚያ የኖረ ሰው ቢጠየቅ ይሻላል። በሚያዝያና በግንቦት የኦዲሻ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። በዚያ ወቅት እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በጃርካንድ፣ በሃዛሪባግ አካባቢ ደግሞ ሴቶች ከመኸር ጋር ለሚመጣው የሶህራይ በዓል ግድግዳውን እንደገና ይለቀልቁታል። ከዚያ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር አፈር እንስሳትና ዛፎች ይስሉበታል። ይህ ሥዕል በ2020 የአካባቢው መለያ ጥበብ ሆኖ በሕግ ተመዝግቧል። ጸሐፊው የእንዲህ ዓይነት ግድግዳ ፎቶ ለጥፈው ከሥሩ "ድህነት" ብለው ጽፈዋል። እኔ የማየው ሥራ ነው፤ በየዓመቱ የሚታደስ ሥራ።

"ከውጭ ምንም አልገባበትም" የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ከእውነት የራቀ ነው። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በተለይ።

በደቡብ ኦዲሻ ኮራፑት የሚባል ተራራማ አውራጃ አለ። ከቡባነስዋር ማታ በአውቶብስ ተሳፍሮ ጠዋት የሚደረስበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠመዝማዛ የሚወጣበት ቦታ ነው። ከዝናቡ በኋላ የሄደ ሰው ኮረብታው ላይ ቢጫ አበባ ተንጣልሎ ያያል። ኑግ ነው፤ መነሻው ኢትዮጵያ የሆነው የኛው ኑግ። ጠዋት በየቤቱ የሚቀርበው ቀጠን ያለ አጥሚት ደግሞ ከዳጉሳ የተሠራ ነው። ዳጉሳም ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነስቶ፣ ከሺዎች ዓመታት በፊት ባሕር ተሻግሮ ሕንድ የገባ እህል ነው። ዝግ ነው የተባለው ያ ተራራ የኛን ደጋ ዘር ተቀብሎ፣ ከራሱ አፈር ጋር አላምዶ፣ ትውልድ ሲመግብበት ኖሯል። በዚሁ አውራጃ ካማላ ፑጃሪ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ከመቶ በላይ የአገር ዘር ሩዝ ከመጥፋት ሰብስበው ያቆዩ ሴት ናቸው፤ በ2019 ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የሕንድ መንግሥት ክብር ተሸልመዋል። ዘር መርጦና አወዳድሮ ያቆየ ሰው ባለበት አገር ገበሬው ቆሞ ቀረ ማለት እንዴት ይቻላል?

ወደ ሰሜን እንሂድ። ከኮልካታ ወደ ሲሊጉሪ በሚወስደው መንገድ ማልዳ ይገኛል። እዚያ አጠገብ የጥንቷ የጋውር ከተማ ፍርስራሽ አለ። በፍርስራሹ መካከል የቆመውን ባለ አምስት ደርብ ግንብ ያሠራው ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ነው። ይህ ሰው ከሐበሻ ወገን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ባሪያ ወታደር ሆነው ከኛ አካባቢ የተወሰዱ ሰዎች ቤንጋልን ለጥቂት ዓመታት በሱልጣንነት ገዝተዋል። ጸሐፊው ወደዚያ አቅጣጫ አልሄዱም፤ አልፈርድባቸውም። ግን በዚህ ምድር ከውጭ ምንም አልገባም ብሎ ለመጻፍ ይህን ሁሉ መዝለል ያስፈልጋል።

ቅርቡን ጊዜ ካየንም ለውጡ ተቆጥሯል። ሕንድ በ2000 የገጠር መንገድ መርሃ ግብር ጀመረች። ዕቅዱ 500 ሰው የሚኖርበትን መንደር ሁሉ፣ በተራራና በነባር ጎሳዎች አካባቢ ደግሞ 250 ሰው ያለበትን፣ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። ጸሐፊው "ድንገት ወደ አንድ መንደር ታጠፍን" ብለው የገቡበት አስፋልት የዚያ ዓይነት መንገድ ሳይሆን አይቀርም። የሕንድ መንግሥት የድህነት መለኪያም አለ። ጤናን፣ ትምህርትንና ኑሮን አንድ ላይ ያያል። በዚህ መለኪያ ከ2015-16 እስከ 2019-21 ባለው ጊዜ ድሃ ተብሎ የሚቆጠረው ሕዝብ በቢሃር ከ52 በመቶ ወደ 34 በመቶ ግድም ወርዷል። በኦዲሻ ከ29 ወደ 16 በመቶ ግድም። ቢሃር ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱ አሁንም ድሃ ነው፤ ያ ከባድ ነው፤ ጸሐፊው ማዘናቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን በአምስት ዓመት እንዲህ የተንቀሳቀሰን ነገር ቆሟል አይባልም።

ስለ መንገዱ የጻፉት ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። የሕንድ መንገድ ይገድላል። በ2022 ብቻ 168,491 ሰው በመኪና አደጋ ሞቷል። ከመጠን በላይ የጫነ፣ ያለ መብራት የቆመ፣ በተቃራኒ መስመር የሚመጣ የጭነት መኪና እኔም አይቻለሁ። በሌሊት ጉዞ ስንት ጊዜ ጸሎት እንዳደረስኩ ፈጣሪ ያውቃል።

የማልቀበለው ምክንያቱን ነው። ጸሐፊው ጥሩምባውን የንዴትና የግድየለሽነት ምልክት አድርገው ነው የወሰዱት። አብዛኛው የጭነት መኪና ግን ከኋላው "እባክህ ጥሩምባ ንፋ" የሚል ጽሑፍ ተቀብቷል። የሚቀድም ሰው መኖሩን እንዲያሳውቅ ሹፌሩ ራሱ እየለመነ ነው። ጆሮ ያደነቁራል፤ ዓላማው ግን አደጋ መከላከል ነው። አስፋልት ላይ የተሰጣው ሩዝም ለጸሐፊው የሥርዓት አልበኝነት ማስረጃ ሆኗል። እስቲ ከገበሬው ወገን ሆነን እንየው። በመኸር ወቅት እርጥብ ሩዝ በቶሎ መድረቅ አለበት። በአካባቢው ካለው መሬት ጠንካራ፣ ሜዳና ትኩስ የሆነው አስፋልቱ ብቻ ነው። ከኮልካታ ወደ ቼናይ የሚወርደው አውራ ጎዳና ሲሰፋ ብዙ ቦታ መንደርን ከማሳው ለይቶ ነው ያለፈው። ሴትዮዋ ወደ ጉድጓዷ፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ከብቱ ወደ ግጦሹ የሚሄደው አራት መስመር አቋርጦ ነው። በዚህ ላይ ሹፌሩ የሚከፈለው በምልልስ ነው፤ በቶሎ ካልደረሰ ገቢ የለውም። እንቅልፉንም የሚያገኘው ዳባ በሚባለው የመንገድ ዳር ምግብ ቤት፣ እንደኛ የጠፍር አልጋ በተጠለፈ የገመድ አልጋ ላይ ለአንድ ሁለት ሰዓት ጋደም ብሎ ነው። እነዚህ የመንገድ ንድፍና የደመወዝ ጉዳዮች ናቸው፤ ሊስተካከሉ ይችላሉ። "ለነፍስ ደንታ የላቸውም" ከተባለ ግን የሚስተካከል ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ሦስተኛው ነጥብ ነው፤ ድህነታቸው ዕጣቸውን በመቀበላቸው የመጣ ነው የሚለው።

ምሥራቅ ሕንድ ለምን ደኸየ? በ1793 ያኔ አካባቢውን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ በቤንጋልና በቢሃር ዛሚንዳር የሚባሉ ባላባቶችን የመሬቱ ጌታ አደረገ። የሚያስገቡትንም ግብር ቋሚ አድርጎ ወሰነ። አራሹ ጭሰኛ ሆነ። ጭሰኛ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ1943 በቤንጋል 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ ሌላ መጣ። ጃርካንድ፣ ኦዲሻና ምዕራብ ቤንጋል የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን አገር ናቸው። ከ1952 እስከ 1993 የማዕከላዊው መንግሥት የነዚህን የማጓጓዣ ዋጋ ለመላው አገር እኩል አደረገ። ማዕድኑ አጠገብ የተተከለ ፋብሪካና በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ የተተከለ ፋብሪካ ለከሰሉና ለብረቱ አንድ ዋጋ ከፈሉ። ታዲያ ባለሀብቱ ለምን ወደ ምሥራቅ ይሂድ? ወደብና ገበያ ወዳለበት ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡቡ ሄደ። ምሥራቁ ጉድጓዱና ጥቀርሻው ቀረለት። ይህ በደልሂ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ከነፍስ መመላለስ እምነት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሕዝቡስ ዝም ብሎ ተቀምጧል? ጸሐፊው ባለፉበት በቢሃር፣ በጋያ አቅራቢያ ገህሎር የሚባል መንደር አለ። ዳሽራት ማንጂ የዚያ ሰው ነው። መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ከተናቁት ሁሉ በተናቀው ወገን የተወለደ። ሚስቱ ሞተች። ሕክምና ያለበት ከተማና መንደራቸው መካከል ተራራ ቆሞ ነበር። ከ1960 እስከ 1982 ድረስ፣ 22 ዓመት፣ በመዶሻና በመሮ ተራራውን ፈለጠው። 110 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ከፈተ። 55 ኪሎ ሜትር ይዞር የነበረው መንገድ 15 ሆነ። ሰው እብድ ይለው ነበር። ዕጣ ተቀባይነት የሚባለው በምን በኩል ነው እዚህ ውስጥ ያለው?

አንድ ሰው ነው፣ ልዩ ሰው ነው ይሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ ብዙዎችን ላምጣ። በ1978 ምዕራብ ቤንጋል የእኩል አራሾችን ስም መመዝገብ ጀመረች። ስሙ ከተመዘገበ አራሹን ባለመሬቱ እንዳሻው ማባረር አይችልም፤ ልጁም ይወርሳል። ከ1.4 ሚሊዮን በላይ አራሾች ተመዘገቡ። ጌታቸው ፊት ቆሞ "ይህን መሬት የማርሰው እኔ ነኝ" ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

በ2013 ደግሞ የኒያምጊሪ ተራሮች ጉዳይ አለ። በኦዲሻ ዶንግሪያ ኮንድ የሚባሉ ሕዝቦች ተራራውን እንደ አምላካቸው መቀመጫ ያከብሩታል። አንድ ግዙፍ ኩባንያ ከተራራው ላይ የአሉሚኒየም ማዕድን ሊያወጣ ፈለገ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም የመንደር ጉባኤዎች ይወስኑ አለ። 12 መንደሮች ተሰበሰቡ። 12ቱም እምቢ አሉ። እዚህ ላይ የጸሐፊው ሐሳብ ከነጭራሹ ይገለበጣል፤ ሃይማኖታቸው ነው እምቢ ያሰኛቸው።

የባሕሩን ዳርቻም ልጨምር፤ ጉዟቸው ያበቃው እዚያ ነውና። በጥቅምት 1999 ኦዲሻን የመታው አውሎ ነፋስ ወደ 10,000 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ክፍለ ሀገሩ የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በዳርቻው በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ በምሰሶ ከፍ ብለው የቆሙ መጠለያዎች ተሠሩ። በየመንደሩ ወጣቶች ሠለጠኑ፤ ማን አዛውንቱን እንደሚያነሳ፣ ማን ድምፅ ማጉያ ይዞ እንደሚዞር፣ ማን ምግብ እንደሚያበስል ተመደበ። በግንቦት 2019 ፋኒ የተባለው አውሎ ነፋስ ፑሪ አጠገብ ሲደርስ 1.2 ሚሊዮን ሰው አስቀድሞ ከቤቱ ወጥቶ ነበር። በኦዲሻ የሞቱት 64 ናቸው። 64 ነፍስ ብዙ ነው። ግን ከ10,000 ወደ 64 የወረደው ሕዝቡ ቤቱን፣ ከብቱንና ጀልባውን ጥሎ ለመውጣት ስለተስማማ ጭምር ነው። ጸሐፊው አሸዋው ላይ ቆመው ባሕሩን ያደነቁበት አገር ይህ ነው። መጠለያዎቹ ከመንገድ ይታያሉ፤ ጽሑፉ ላይ ግን የሉም።

ስለ ሴቶቹ አጠር አድርጌ ላልፍ። ችግሩ እውነት ነው። በቢሃርና በምዕራብ ቤንጋል ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ከ10 አራቱ ያገቡት 18 ሳይሞላቸው ነው። "ድምፅ የላቸውም" የሚለው ግን ዓይንን መጨፈን ነው። ቢሃር ከ2006 ጀምሮ ከቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫዎች ግማሹን ለሴቶች በሕግ ሰጥታለች፤ ኦዲሻም ተከትላለች። አንዳንድ ቦታ ሴትዮዋ ተመርጣ ወሳኙ ባሏ ይሆናል፤ ይህንን እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምርጫ ግን ብዙዎቹ ባሎቻቸውን ቤት ትተው ይመጣሉ። በዚያው 2006 ቢሃር 9ኛ ክፍል ለገቡ ሴት ልጆች የብስክሌት መግዣ መስጠት ጀመረች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሴቶች ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ግድም ጨመረ። ጸሐፊው "የደንብ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች በብስክሌት እንደ ወፍ መንጋ አለፉ" ብለው ውብ አድርገው ጽፈዋል። ብስክሌቱ ከየት እንደመጣ ሹፌሩን ቢጠይቁት ይነግራቸው ነበር። የአሁኗ የሕንድ ፕሬዚዳንት ድሮፓዲ ሙርሙም ከኦዲሻ፣ ከማዩርባንጅ ገጠር የወጡ፣ ሳንታል ከሚባለው ነባር ጎሳ የተወለዱ ሴት ናቸው።

"ደስተኞች ናቸው" የሚለውን ሳነብ ግን ተናደድኩ። እንግዳ ሲመጣ ማን ነው የማይስቅ? ልጆቹ ለመኪና እጃቸውን ስላውለበለቡ ኑሮው ተስማምቷቸዋል ማለት ነው? ከደቡብ ኦዲሻ ከጋንጃም ስንቱ ወጣት አገሪቱን አቋርጦ ሱራት የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው ያለው። ከቢሃር ስንቱ ደልሂና ፑንጃብ ነው። ዓረብ አገር እህት ወይም ልጅ ያለው አንባቢ በስልክ ላይ የሚታይ ፈገግታ ምን ያህል እንደሚያስረዳ ያውቃል። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት አገሩ ሲዘጋ፣ እነዚሁ ሠራተኞች ጓዛቸውን ተሸክመው በአውራ ጎዳናው በእግራቸው ወደ ቢሃር፣ ወደ ጃርካንድና ወደ ኦዲሻ ተጓዙ። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ የተጎዳ አባቷን በብስክሌት ከኋላዋ አፈናጥጣ ከደልሂ አቅራቢያ እስከ ቢሃር 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታለች። ዓለም ጽናቷን አደነቀ። እኔ እስከዛሬ የማስበው አውቶብስ የከለከላትን ነው። ድሃ ደስተኛ ነው ማለት ለኛ ሕሊና ይመቻል፤ ለእሷ ግን አውቶብስ አያመጣላትም።

አንድ የመጨረሻ እርማት አለኝ። ጸሐፊው ስለ ሳንታሎች ሲያነሱ "የራሳቸው ፊደል የሌላቸው" ብለው በአንድ ሐረግ አልፈዋል። ስህተት ነው። ፊደላቸው ኦል ቺኪ ይባላል፤ 30 ሆሄ አለው። በ1925 የፈለሰፉት የማዩርባንጁ ተወላጅ ራጉናት ሙርሙ ናቸው፤ መምህር ነበሩ። ቋንቋቸውንም ሕንድ በ2003 ባደረገችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዕውቅና ከተሰጣቸው ቋንቋዎች ውስጥ አስገብታዋለች። የሳንታል ጓደኛዬ ቤት ግድግዳ ላይ ልጆቹ በከሰል ጽፈውት አይቻለሁ። በራሱ ፊደል የሚኮራ አንባቢ ይህን ሐረግ እንዳለ አምኖ መቀበል የለበትም። ጽሑፉ አሁንም እየዞረ ስለሆነ ጸሐፊው ሌላውን ባይቀበሉኝ እንኳ ይህን አንዱን ያርሙት።